ለዝናብ የሚሆን የሳይክል ፍሬን ጎማ በትንሽ ብር እንዴት እንምረጥ

ባለፈው ነሐሴ ድሬዳዋ ውስጥ ከመጋላ ሰፈር ወደ ከዚራ ስሻገር ካፊያ ያዘኝ። ከባድ ዝናብ አልነበረም፤ ሸሚዝ እንኳን በደንብ የማያርስ ዓይነት ነው። ፊቴ የነበረ ባጃጅ ሰው ሊያወርድ ጥግ ይዞ ቆመ። ፍሬን ጨበጥኩ። ሳይክሉ ማንም እንዳልነካው ሆኖ ሄደ። አጥብቄ ጨበጥኩ፣ እጀታው መሪውን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ድረስ፣ በመጨረሻ ያዝ ማድረግ ሲጀምር እኔ የባጃጁ ጀርባ ላይ ደርሻለሁ። ጉልበቴ ተላጠ፤ ሌላ ጉዳት አልነበረም። ሹፌሩ ወርዶ መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ሳይክሉን። «አቦ፣ ፍሬን የለህም እንዴ?» አለኝ።

ነበረኝ። ያውም የፍሬን ጎማው ከተቀየረ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። በደረቅ አስፋልት ጥሩ አድርጎ ያቆመኝ ነበር። ስገዛው ግን ስለ ውሃ አልጠየቅኩም፣ የሸጠልኝም አላነሳውም።

ከዚያ ወዲህ የፍሬን ጎማ እየገዛሁ፣ እየፈታሁ፣ ውሃ እያፈሰስኩ ስሞክር ቆየሁ። የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ በዝናብ የሚያቆምህ የፍሬን ጎማው ዋጋ አይደለም። ቸርኬህ ከምን እንደተሠራ፣ የፍሬን ጎማው ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ፣ እና አገጣጠሙ ነው። ሦስቱንም በትንሽ ብር ማስተካከል ይቻላል፤ ከቸርኬው በቀር። እሱን ከታች እነግርሃለሁ።

(እንደ ድሬ ልጅ ሁሉንም ሰው አንተ እያልኩ ነው የምጽፈው። እህቶቼ፣ ለእናንተም ነው።)

ውሃ ምን ያደርጋል?

ፍሬን ጎማ የምለው ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚጨብጠውን ትንሽ ጎማ ነው። አንዳንድ ሰው ሸራ ይለዋል። ቸርኬው ሲረጥብ በሁለቱ መሀል ስስ የውሃ ሽፋን ይገባል። ፍሬን ስትይዝ የፍሬን ጎማው መጀመሪያ የሚሠራው ያንን ውሃ መጥረግ ነው፤ ማቆም የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የሳይክሉ እግር አንድ ሁለቴ እስኪዞር ድረስ ፍሬን የለህም ማለት ነው፤ ሳይክሉ በዚያች ጊዜ ውስጥ ብዙ ሜትር ይሄዳል። ጥሩ የፍሬን ጎማ ውሃውን ቶሎ ጠርጎ ይይዛል። ደረቅና እንደ ፕላስቲክ የጠነከረው ደግሞ ላዩ ላይ ይንሸራተታል።

ድሬ ላይ ሌላም ነገር አለ። ሰው «እዚህ ምን ዝናብ አለና» ይላል። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ከዚያም በሐምሌና በነሐሴ ይዘንባል፣ እሱም ይበቃል፤ ግን የእኛ ውሃ እዚሁ የሚዘንበው ብቻ አይደለም። ደጋው ላይ ሲጥል እኛ ጋ ፀሐይ እያለ የደቻቱ ወንዝ ይሞላል። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን አይረሳውም። ትንሹ ጎርፍ እንኳን አልፎ ሲሄድ መንገዱ ላይ አሸዋና ደለል ይተዋል። እርጥብ አሸዋ የፍሬን ጎማውና ቸርኬው መሀል ሲገባ ቸርኬውን ይሞርደዋል። ስለዚህ እዚህ የምንፈልገው የፍሬን ጎማ ውሃ ሲነካው የሚይዝ፣ አሸዋም ቶሎ የማይነከስበት ነው።

መጀመሪያ ማግኔት ያዝ

ሱቅ ከመሄድህ በፊት ቸርኬህን እወቅ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ካለህ ቸርኬው ላይ አስጠጋው። ካልያዘ አልሙኒየም ነው፣ ጥሩ ነው። ከያዘ ብረት ነው፣ ብዙውን ጊዜም ክሮም የተቀባ። ማግኔት ከሌለህ በዓይንህ እየው፤ ክሮም እንደ መስታወት ያበራል፣ ጥግ ጥጉ ላይ ዝገት ይታይበታል፤ አልሙኒየም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው።

ይህን አስቀድሜ ያመጣሁት ብዙ ሰው ብሩን የሚያባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ክሮም ቸርኬ ሲረጥብ ይንሸራተታል፤ የትኛውንም የፍሬን ጎማ ብታስርበት እንደ አልሙኒየም አይሆንልህም። በድሮ ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ለብረት ቸርኬ ተብሎ ቆዳ የተለበጠበት የፍሬን ጎማ ይሠራ ነበር፤ ችግሩን ለመቀነስ ብለው ነው። ለአልሙኒየም ግን አይሆንም። ቸርኬህ ብረት ከሆነ የምመክርህ እንዲህ ነው፦ አሁን ተራ፣ ለስለስ ያለ የፍሬን ጎማ ግዛ፣ ውድ አትግዛ፣ ዝናብ ሲመጣ በጣም ቀስ ብለህ ንዳ፣ እና ብር ሲጠራቀምልህ የፊተኛውን እግር በአልሙኒየም ቀይር። ያገለገለም ቢሆን። ሁለቱን መቀየር ካልቻልክ የፊቱ ይበቃል፤ ፍሬን ስትይዝ ክብደትህ ወደ ፊት ስለሚሄድ ብዙውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው።

ቸርኬው አልሙኒየም ከሆነም የጎኑን መበላት እይ። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ጎኑ ላይ አስደግፍ። መሀሉ ጎድጎድ ብሎ ብርሃን ካሳለፈ እያለቀ ነው። አንዳንድ ቸርኬ ጎኑ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ መስመር ወይም ትንንሽ ጉድጓድ አለው፤ ያ ከጠፋ ቸርኬው ጨርሷል። ወደ ውጭ የተነፋ ወይም የተሰነጠቀ ነገር ካየህበት እሱን ሳይክል አትንዳው፤ በጎማው ውስጥ ያለው አየር ሊፈነዳው ይችላል።

የአሮጌውን የፍሬን ጎማ ይዘህ ሂድ

የፍሬኑ ዓይነት ይለያያል። በሁለት ረጃጅም ክንዶች ከግራና ከቀኝ የሚጨብጠው ቪ ብሬክ ነው፤ የፍሬን ጎማው ረዘም ያለ፣ ወደ 7 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ጥርስ ያለው ቡሎንና ብዙ ሮንዴላ ያለው ነው። ከላይ በአንድ ቡሎን የሚታሰረው እንደ መቆንጠጫ ያለው ፍሬን ደግሞ አጠር ያለ ነው የሚወስደው። የድሮዎቹ፣ በሽቦ ፈንታ በብረት ዘንግ የሚሳቡት፣ ቸርኬውን በጎኑ ሳይሆን ከውስጥ በኩል ነው የሚገፉት፤ የፍሬን ጎማቸውም ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ለባለ ሱቁ ከማስረዳት አንዱን ፈትተህ በኪስህ ይዘህ ሂድ። ቡሎኑን ከቡሎኑ ጋር አስተያይ፣ ርዝመቱንም።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ሙከራ

ታይዋን ገበያ ሂድ፣ ቀፊራ ገበያ አካባቢ ሂድ፣ ወይም ሰፈርህ ያለ ሳይክል ሠሪ ጋ ሂድ፤ ከየትም ብትገዛ ፓኬቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ተወውና ዕቃውን በእጅህ ንካው።

በአውራ ጣትህ ጥፍር የሚጨብጠውን ፊት ጫን አድርገው። ትንሽ ሰርጎ ምልክት ካሳየና ከተመለሰ ጥሩ ነው። ጥፍርህ ከተንሸራተተ፣ እንደ ጀሪካን ክዳን ከጠነከረ፣ መልሰው። የእኔ የባጃጁ ቀን የፍሬን ጎማ እንዲህ ያለ ነበር፤ በኋላ ፈትቼ በጥፍሬ ስሞክረው ምንም አልሰረገም።

ቀጥሎ ላዩን እየው። የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ጠርዙ ላይ ስንጥቅጥቅ ካለ፣ መስኮት ላይ በፀሐይ ተሰቅሎ የከረመ ሊሆን ይችላል። የድሬን ፀሐይ ታውቀዋለህ፤ ጎማ ያደርቃል። ከፊት ከተሰቀለው ይልቅ ከውስጥ ካለው ካርቶን አውጣልኝ በል።

ከዚያ የውሃውን ሙከራ አድርግ። ሳይክልህን ሱቁ በር ላይ አቁመኸዋል አይደል? ከሃይላንድ ትንሽ ውሃ ቸርኬው ላይ አፍስስ። የፍሬን ጎማውን በእጅህ ይዘህ እርጥቡ ላይ ጫን አድርገህ ሳበው። ሁለት ሦስት ዓይነት ካለ ሁሉንም ሞክር። አንዱ ሙልጭ ይላል፣ ሌላው እጅህን ያዝ ያዝ ያደርጋል። ልዩነቱ ሳትጠራጠር ይታወቅሃል። አንዳንድ ሻጭ ይህን ስታደርግ ፊቱ ይጠቁራል፤ በትህትና ጠይቀው፣ አብዛኛው እሺ ይላል፣ እኔ ያስፈቀድኩት አንዱ ሻጭ እንዲያውም ራሱ እየሞከረ ገርሞት ነበር።

ቦይ ቦዩንም ተመልከት። ፊቱ ላይ የተቆረጡት መስመሮች ውሃ ያስወጣሉ፣ ደግሞም ምን ያህል እንዳለቀ ያሳዩሃል። መስመሩ ሲጠፋ የፍሬን ጎማው ዕድሜ አበቃ።

ስለ ቀለም። ለዝናብ በዓለም ላይ ስሙ የሚነሳው ኩል ስቶፕ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ወደ ሸክላ የሚያደላ ቀይ የፍሬን ጎማ ነው። ቀለሙ የመጣው ውስጡ ካለው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ በውሃ ከጥቁሩ ይሻላል፣ ለቸርኬም ይራራል። ሱቅ ውስጥ ቀይ ያለ ሁሉ ግን እሱ አይደለም። ቀይ ቀለም የተነከረ ተራ ጎማም አለ፤ በጥፍርህ ሞክረው። ዋናውን ከፈለግክ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ማስመጣት ይቀላል፤ ጥንዱ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ምንም ክብደት የሌለው ዕቃ ነው። ስታዝ የፍሬንህን ዓይነት ፎቶ አንስተህ ላክለት። «ለካርቦን ቸርኬ» የሚል የተጻፈበትን እንዳያመጣልህ ንገረው፤ ያ ለእኛ ቸርኬ አይሆንም።

ብር የት ላይ ይውላል

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንዱ ጎማውና ቡሎኑ አንድ ላይ የተጣበቀ ነው፣ ሲያልቅ ሁሉንም ትጥላለህ። ሌላው የብረት ቤት አለው፣ ጎማው ተንሸራትቶ ይገባና በትንሽ ብሎን ይያዛል፣ ሲያልቅ ጎማውን ብቻ ትለውጣለህ። ሁለተኛው መጀመሪያ ሲገዛ ይወደዳል። በየቀኑ የምትነዳ ከሆነ ግን ቆይቶ ያዋጣል፣ አገጣጠሙም አንዴ ከተስተካከለ አይነካም። መተኪያው ጎማ እዚህ ከተማ ውስጥ መኖሩን ሳታረጋግጥ ግን ቤቱን አትግዛ።

ብርህ ለአንድ ጥንድ ጥሩ ብቻ ከበቃ ጥሩውን ከፊት እሰር፣ ተራውን ከኋላ። ከፊትና ከኋላ የግድ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም።

ከመግጠምህ በፊት እጠበው

አዲስ የፍሬን ጎማ በቆሸሸ ቸርኬ ላይ ማሰር ብር መጣል ነው። ቸርኬውን በላርጎና በስፖንጅ እጠብ፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቅ፣ ሲደርቅ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ዙሪያውን ጥረግ፤ ጨርቁ ጥቁር ሆኖ መምጣት እስኪያቆም ድረስ። ናፍጣና ጋዝ ወደ ቸርኬው እንዳይደርስ። ብዙ ሰው ሰንሰለት በናፍጣ ሲያጥብ ወደ ኋላው ቸርኬ ይረጨዋል። ዘይት የጠጣ የፍሬን ጎማ በብርጭቆ ወረቀት ላዩ ቢፋቅ አንዳንዴ ይመለሳል፣ ብዙ ከጠጣ ግን ጣለው።

አገጣጠም፦ እዚህ ላይ አትቸኩል

ብርጉላ 5 ወይም ቁልፍ 10 ይበቃሃል፣ እንደ ቡሎኑ። አሮጌውን ስትፈታ ሮንዴላዎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደገቡ ፎቶ አንሳ። የቪ ብሬክ ሮንዴላዎች አንዱ ጎድጓዳ ሌላው ጎበጥ ያለ ነው፣ ውፍረታቸውም ይለያያል፤ ተገልብጠው ከገቡ የፍሬን ጎማው አቅጣጫ አይያዝም።

የፍሬን ጎማውን አስገብተህ ዳዶውን ለስለስ አድርገህ ብቻ ያዘው። ፍሬኑን በእጅህ ጨብጠህ የት እንደሚያርፍ እይ። ሙሉ ፊቱ ቸርኬው ላይ ማረፍ አለበት። ወደ ላይ ወጥቶ ትልቁን ጎማ ከነካ ጎኑን በልቶ ያፈነዳዋል። ወደ ታች ከወረደ ደግሞ እያለቀ ሲሄድ ከቸርኬው ሥር ሾልኮ ወደ እግሩ ሽቦዎች ሊገባ ይችላል። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሚሊ ሜትር እየለካህ አስተካክል።

የብረት ቤት ያለው ከሆነ የተዘጋው ጫፍ ወደ ፊት፣ ክፍቱ ወደ ኋላ ይሁን። እግሩ ሲዞር የፍሬን ጎማውን ወደ ፊት ይስበዋል። ክፍቱ ከፊት ከሆነ ፍሬን ስትይዝ ጎማው ተንሸራትቶ ወጥቶ ይሄዳል። ብዙዎቹ ላይ ግራና ቀኝ፣ ወይም የአዟዟር ቀስት ተጽፎባቸዋል፤ እሱን ተከተል።

አሁን የፊተኛው ጫፍ ቀድሞ እንዲነካ አድርገው። ወፍራም ካርቶን፣ አንድ ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ከፍሬን ጎማው የኋላ ጫፍና ከቸርኬው መሀል አስገባ፣ ፍሬኑን ጨብጠህ ያዝ፣ ዳዶውን አጥብቅ፣ ካርቶኑን አውጣ። ይህን ስታደርግ ጩኸቱ ይቀራል፣ አያያዙም ይለሰልሳል። ብቻህን ከሆንክ እጀታውን ከመሪው ጋር በከመነዳሪ ቁራጭ እሰረውና ሁለት እጅህ ነፃ ይሁን።

በመጨረሻ እግሩን አዙር። በሁለቱም በኩል ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። አንዱ ወገን ከነካ በክንዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ እያዞርክ ሚዛን አስይዝ። እጀታው ሙሉ ጨብጠኸው መሪውን የሚነካ ከሆነ የፍሬኑን ሽቦ ሳብ አድርገህ እሰር። ሽቦው ዝጎ በሽፋኑ ውስጥ የሚንቀራፈፍ ከሆነም ቀይረው፤ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ዝጎ ከቆየ ግን ምርጡን የፍሬን ጎማ ዋጋ ቢስ ያደርገዋል።

ዝናቡን አትጠብቅ፣ ራስህ አዝንበው

አዲስ የፍሬን ጎማ ወዲያው አይይዝም። ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ከዚራ ዛፎቹ ሥር ባሉት ቀጥ ያሉ መንገዶች ላይ ውጣ። ፍጥነት ያዝ፣ ቀስ እያልክ ፍሬን ያዝ፣ ልትቆም ስትል ልቀቅ። 15፣ 20 ጊዜ። የፊቱ በየትኛው እጅህ እንደሆነም እዚያው አረጋግጥ፤ ሳይክል ከሳይክል ይለያያል፣ የተቀየረ ሳይክል ላይ የወጣ ሰው ይሳሳታል።

ከዚያ ሃይላንድህን አውጣ። ሁለቱንም ቸርኬ ዙሪያውን አርጥብ፣ መንገዱ ላይ አንድ ምልክት ምረጥ፣ እዚያ ስትደርስ ያዝ፣ የት እንደቆምክ እይ። በደረቁም ሞክር። በመሀል ያለውን ርቀት በእርምጃ ቁጠር። የእኔ የመጀመሪያ ሙከራ አስደነገጠኝ፤ እርጥቡ ከደረቁ በጣም ይርቃል፣ በጥሩ የፍሬን ጎማም ቢሆን። ያንን ርቀት በዓይንህ መያዝ አለብህ፤ ዝናብ ሲጥል ከፊትህ ላለው ባጃጅ የምትተወው ክፍተት እሱ ነው።

ስትነዳ ደግሞ መቆም ከመፈለግህ ቀደም ብለህ ፍሬኑን ነካ ነካ አድርግ። ውሃው ይጠረጋል፣ እውነተኛው መያዝ ሲመጣ ዝግጁ ነህ።

ከደንገጎ ወደ ድሬ ለሚወርዱ አንድ ነገር። ያ ቁልቁለት ረጅም ነው፤ ፍሬን ይዞ ሳይለቁ መውረድ ቸርኬውን ያግላል፣ በደረቅ ቀን የውስጡን ጎማ እስከ ማፈንዳት ሊያደርስ ይችላል። ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ። ከመንቀሳቀስህ በፊት ላይ ቆመህ የፍሬን ጎማውን ውፍረት እይ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፦ በሰው እግር የለሰለሰ ድንጋይ ሲረጥብ ፍሬኑ ቢይዝም ትልቁ ጎማ ራሱ ይንሸራተታል። እዚያ ቁልቁለቱን ወርዶ መግፋት ይሻላል፣ የፍሬን ጎማ የሚፈታው ነገር አይደለም።

ከዝናብ በኋላ

ቤት ስትገባ ቸርኬውን በንጹህ ውሃ ብቻ አለቅልቀው፣ አሸዋው ሳይደርቅ። በሳምንት አንዴ፣ በክረምት ደግሞ ከዚያ ቶሎ ቶሎ፣ የፍሬን ጎማዎቹን ፊት እይ። የሚያበሩ ትንንሽ ነጥቦች ካሉ ከቸርኬህ የተላጠ አልሙኒየም ነው፣ ወይም የተነከሰ አሸዋ። በመርፌ ወይም በቢላ ጫፍ እየነቀስክ አውጣቸው። ፍሬን ስትይዝ የሚፋጭ ድምፅ ከሰማህ አንድ ቀን እንኳን አትጠብቅ፣ እዚያው ቁም። እኔ ለዚህ ሥራ የሚሆን አንድ የልብስ መርፌ ኮርቻዬ ሥር በፕላስተር ለጥፌ ነው የምዞረው።